ሦስተኛው ሲኒ

ካሜራ አይዋሽም ይባላል። እኔ ግን አንድን ሌንስ ለብዙ ዘመን በሐሰት ስወነጅለው ኖሬያለሁ፤ ይህች ጽሑፍም የይቅርታ ጽሑፍ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ ሊጠይቀኝ ፍራንክፈርት በመጣ ጊዜ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ከሻንጣው አወጣ። ዞርኪ 4ኬ የምትባለው የሶቪየት ካሜራ ነበረች። ሞስኮ ተማሪ ሳለ የገዛት፣ በልጅነቴ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሆና ቁልቁል የምታየኝ፣ እንዳልነካት የተከለከልኩት ካሜራ። የመዝጊያዋ መጋረጃ ተበላሽቶ መሥራት ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል። «አካሏ ቢደክምም ዓይኗ ደኅና ነው» አለኝ። ዓይኗ ያለው ጁፒተር 8 የተባለውን ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነበር።

እኔ ግን ስለ ዓይኗ ደኅንነት ጥርጣሬ ነበረኝ። በ1977 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት አባቴ በዚያች ካሜራ ያነሳት የእናቴ ፎቶግራፍ አለ። እናቴ ቡና ቀድታ ሲኒውን ወደ ካሜራው ዘርግታ ትስቃለች። የሲኒው ጠርዝ፣ የያዙት ጣቶቿ፣ የቀለበቷ ቅርጽ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዓይኖቿ ግን በስስ ጉም ተሸፍነዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያንን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ሌንሱን እረግመው ነበር።

በዚያ ሰሞን ከአንድ ወዳጄ የተዋስኳት ላይካ ሦስት ኤፍ ኤልማር ከተባለ አሮጌ ሌንሷ ጋር በእጄ ነበረች። ሁለቱም ካሜራዎች ሬንጅፋይንደር የሚባለው ዓይነት ናቸው። ፎቶ አንሺው በሌንሱ ውስጥ አያይም፤ በሌላ ትንሽ መስኮት ነው የሚመለከተው። በመስኮቱ ውስጥ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሌንሱን እያዞሩ ሁለቱን ምስል አንድ ሲያደርጉ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው። ሌንሱ በእርግጥ እዚያው ላይ ስለ ማጥራቱ ግን ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ማመን እንጂ ማየት የለም።

የሁለቱም ሌንሶች ማሠሪያ 39 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ብሎን በመሆኑ፣ ጁፒተሩ ላይካዋ ላይ ያለ ችግር ገባ። በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አምስት የቡና ሲኒዎች አምስት አምስት ሴንቲሜትር እያራራቅሁ በሰያፍ ደረደርኩ፤ በሁለቱም ሌንሶች ሦስተኛው ሲኒ ላይ እያነጣጠርኩ አነሳሁ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ልዩነታቸው እንደ ሁለት ሰው ጠባይ የተለያየ ሆኖ አገኘሁት። ኤልማር አራት ብርጭቆዎች ብቻ ያሉት ቁጥብ ሌንስ ነው፤ ቀዳዳው ቢሰፋ ቢሰፋ ከ3.5 አያልፍም። ግራጫው ለስላሳ ነው፤ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣበት ግን ጥላው ሁሉ ይነጣል። ባለ ስድስት ብርጭቆው ጁፒተር እስከ 2 ድረስ ስለሚከፈት ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ጥቁሩ የጠለቀ ነው፤ መካከሉ ጥርት ሲል ዳርና ዳሩ እንደ ሕልም ይሟሟል። ውበቱ ማረከኝ። ነገር ግን በኤልማሩ ምስል የጠራው ሦስተኛው ሲኒ ሲሆን፣ በጁፒተሩ ምስል የጠራው ጎረቤቱ ነበር። «ያዝኩህ!» አልኩ በልቤ። ለአባቴም ሌንሱ እንደሚስት ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም።

ዞርኪዋን ለማስጠገን የወሰድኩባቸው አዛውንት ግን ታሪኬን ሰምተው ሳቁ። ጁፒተር ሉድቪግ በርተለ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለኮንታክስ ካሜራ የነደፈው የዞናር ሌንስ ልጅ መሆኑን አስረዱኝ። ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ንድፉንና መሣሪያውን ከጀርመን ሲወስዱ የኮንታክስን ልክ አብረው ወሰዱ። ያ ልክ ከላይካ ልክ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ነገር ይለያል። ብሎኑ ይገጥማል፤ መለኪያው ግን አይገጥምም። ከሩቅ አይታወቅም፤ ቀረብ ሲሉ፣ ቀዳዳውም ሲሰፋ ነው ስሕተቱ የሚገለጠው። «በሰው ቤት ሚዛን መዝነኸው ነው» አሉኝ።

መጋረጃው ተቀይሮ ዞርኪዋ ስትመለስ ጁፒተሩን ከገዛ አካሉ ጋር አገናኝቼ ሲኒዎቹን እንደገና ደረደርኩ። ሦስተኛው ሲኒ ጠራ። ደገምኩት፤ አሁንም ሦስተኛው። ሌንሱ ንጹሕ ነበር።

እንግዲያው የእናቴ ዓይኖች?

ማታ ፎቶግራፉን ከአባቴ ፊት አስቀምጬ «አባዬ፣ እዚህ ላይ ያነጣጠርከው ምኑ ላይ ነበር?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው።

«ሲኒው ላይ» አለ በመጨረሻ። «አጎትህ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ መሞቱን ከሰማሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። በዓሉን እንዳናፈርስባት ብለን መርዶውን ለማግስቱ ንጋት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀጣጥረናል። እርሷ ምንም አታውቅም። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንሳኝ አለችኝ። ሁለቱን ምስል ዓይኗ ላይ አንድ ላደርግ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እጇን አየሁ።»

ላይካዋን ከነኤልማሯ ለወዳጄ መልሻለሁ። ጁፒተሩም ከዚያ ወዲህ ከዞርኪዋ ላይ ወርዶ አያውቅም። አባቴ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው በዚያው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩትና ካሜራዋን አነሳሁ። ሁለቱን ምስል ዓይኑ ላይ አንድ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እርሱም ሳይንቀሳቀስ ጠበቀኝ።