ከነድራኩላዬ ነው የማገባው!

ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ምን ይዛ እንደምትወጣ ታውቃላችሁ። ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ረከቦት፣ ከቀናትም ወርቅ። እኔ በመጪው ጥር ከቢቸና ወደ ሞጣ ስዳር የማስጭነው ግን 112 የቪዲዮ ካሴት ነው። ያውም የመዝሙርና የዘፈን እንዳይመስላችሁ! ድራኩላ፣ ፍራንከንስታይን፣ ከመቃብሩ የሚነሳ የግብፅ ሬሳ፣ ጎድዚላ፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር… ምን አለፋችሁ፣ ሰው በሕልሙ እንዳይመጣበት የሚያማትብበት ሁሉ አለ።

«ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ነው ጭራቅ የምትሰበስበው?» ብላችሁ እንደሆነ አልፈርድባችሁም። የወደፊት አማቴም ያሉት ይህንኑ ነው። እሳቸው እንዲያውም ጨመር አድርገው «ያ የሰይጣን ነገር ተቃጥሎ ያልቃል ወይስ ከነነፍሱ ልጄ ቤት ሊገባ ነው?» አሉ። እጮኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም አለ። ከእናቱ ንግግር ይልቅ የከነከነኝ የእሱ ዝምታ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላጫውታችሁ። የሸገር ልጆች ቢቸናን የማታውቋት ከሆነ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ ደጀን ስትደርሱ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን መንገድ ያዙ። ቢቸናን አልፋችሁ ከቀጠላችሁ ደብረ ወርቅን፣ ከዚያም ሞጣን ታገኛላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. እኔ ነፍስ ሳውቅ ታላቅ ወንድሜ ቢቸና ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቆርቆሮ ክዳን፣ የባህር ዛፍ አግዳሚ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። መግቢያው 50 ሳንቲም። ቀን ቀን ካራቴና የህንድ ፊልም፣ ማታ ማታ አርኖልድ። ቪዲዮ ቤት እንግዲህ የወንድ ቦታ ነበር፤ ሴት ልጅ እዚያ ከታየች ስሟ ይጠፋል። እኔ ግን የባለቤቱ እህት ስለሆንኩ ከዴኩ ጎን ተጎልቼ ካሴት የማጠንጠን ሥራ ነበረኝ።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ቪሲዲና ዲቪዲ ገብቶ የካሴት ዋጋ ወድቆ ነበር። ጋሼ መርካቶ በሄደ ቁጥር ማንም የማይፈልገውን ካሴት በካርቶን እየገዛ ይመጣል። ከአንዱ ካርቶን ፍራንከንስታይን ወጣ። በ1931 እ.ኤ.አ. ጄምስ ዌል ያዘጋጀው፣ ቦሪስ ካርሎፍ ጭራቁን ሆኖ የሠራበት ጥቁርና ነጭ ፊልም። ጋሼ ገና እንደከፈተው ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ! «ቀለሙ የታለ? ሳንቲማችንን መልስ!» ነው ጩኸቱ። አንዱማ ዴኩን በጥፊ ካልመታሁ አለ። (ለነገሩ አንዳንድ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት በእኛ ዴክ ሲታይ ቀለሙ ይጠፋ ነበር። የነሱ አሠራር ኤንቲኤስሲ፣ የእኛ ደግሞ ፓል ስለሆነ ነው። ይሄኛው ግን ሲወለድም ቀለም አልነበረውም።)

ግማሹ ሰው ወጣ። ከቀሩት መሐል አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ነበሩ። ጋሼ ያዘዛቸውን ጀበና ሊያስረክቡ መጥተው በር ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ጋሼ እንግሊዝኛውን በገመተው መጠን ይተረጉማል። ጭራቁ ሐይቅ ዳር አንዲት ሕፃን ያገኛል። አልፈራችውም፤ አበባ ሰጠችው፤ አብረው ውኃ ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ወረወራት። (ይህ ቦታ በሳንሱር ተቆርጦ ለብዙ ዓመታት ሳይታይ ቆይቶ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ወደ ፊልሙ የተመለሰው።) ከዚያ አገሩ በሙሉ ችቦ አብርቶ ሲያሳድደው ወንዶቹ «በለው! በለው!» ይላሉ። ሴትየዋ ግን ቀስ ብለው «ሠርተው ጣሉት፤ ማን ምን አስተማረው?» አሉ። ጥቂት ቆዩና ደግሞ «እኔ እንኳ ሸክላዬ ሲሰነጠቅብኝ ጭቃውን አልረግመውም» አሉ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ምን ሲባል እንደኖረ የማያውቅ የለም። «ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል» እየተባለ፣ ጀበናውና ማረሻው ተገዝቶ ልጁ ግን ለጋብቻ እየተጠላ። ፈረንጅም በ1941 እ.ኤ.አ. «ዘ ዎልፍ ማን» በሚለው ፊልም ሎን ቼኒ የሚባለውን ተዋናይ በሌሊት ተኩላ አድርጎታል። እነሱ ተኩላ አሉ፣ እኛ ጅብ አልን። ልዩነቱ የእነሱ ፊልም ሲያልቅ ተዋናዩ ጸጉሩን አራግፎ ቤቱ ይገባል፤ የእኛዋ ሸክላ ሠሪ ግን በማግስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ያው ዐይን ነው የሚጠብቃት። እንግዲህ ጭራቅ ፊልም የምወደው ለዚህ ነው። ጥሩው ዓይነት፣ የድሮው ማለቴ ነው፤ አሁን በየስልኩ የሚታየውን ደም ብቻ የሚረጨውን አይደለም።

ዲሽና ፍላሽ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ጋሼ ካርቶኖቹን «ጣያቸው» ብሎኝ አገር ለቀቀ። እኔ 12ኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበርና መጣሉን ትቼ መጨመር ጀመርኩ። ሰው ከአልጋ ሥር እያወጣ በነፃ ይሰጠኛል። «ፋራ!» የሚሉኝ ጓደኞች ነበሩ፤ ፊልም በስልክ እያለ ካሴት ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ግን፣ መብራት ባለ ቀን በጊዜ ተሰብስበው እኔ ቤት ያመሹት እነዚያው ናቸው። ውጪ ያለው ፍርሃት የእውነት ሲሆን ተሰብስቦ የውሸቱን መፍራት እንደሚያሳርፍ ያየሁት ያኔ ነው።

ወደ አማቴ ልመለስ። «ሰይጣን» ማለታቸው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በድሮ ጊዜ ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነው። «ይቃጠል» ማለታቸውም ቢሆን ቀዳሚ አለው። ኖስፌራቱ የሚባል በ1922 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጀርመን ፊልም ነበር። የድራኩላ ደራሲ የብራም ስቶከር ሚስት «የባሌን መጽሐፍ ሳያስፈቅዱኝ ሠሩት» ብላ ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂው በሙሉ እንዲወድም ወሰነ። ዛሬ የምናየው ቅጂዎቹ ቀድመው ወደየአገሩ ተበትነው ስለነበር ነው። ሜትሮፖሊስ የተባለው የ1927 ፊልምም የጎደለው ክፍል በ2008 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ተገኝቷል፤ ያ ቅጂ ወደ ሙዚየሙ ከመድረሱ በፊት ያቆየው እንደኔው አንድ ሰብሳቢ ነው። ይህን ሁሉ ለአማቴ አላስረዳሁም፤ ለአማት ታሪክ አይተረክም።

እጮኛዬን ግን ለብቻው ያዝኩት። «ዝም ያልከው ከእናትህ ጋር ስለምትስማማ ነው?» አልኩት። «አይደለም» አለኝ፤ «ማታ ብቻሽን ተቀምጠሽ ጭራቅ ስታዪ፣ ከማን ጋር ልኖር እንደሆነ ግራ ይገባኛል።» ቅር አለኝ፤ ግን እውነቱን ነው የነገረኝ። እኅቶቼ፣ እጮኛችሁ ስለምትወዱት ነገር ዝም ካለ ዝምታውን እናንተ አትተርጉሙለት። ጠይቁት። ከዚያ ደግሞ አብራችሁት ቁጭ በሉ።

በ1956 እ.ኤ.አ. ዶን ሲገል ያዘጋጀውን «ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ» ከፈትኩለት። በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰው ሲተኛ፣ እሱን የሚመስል ግን ስሜት የሌለው ሌላ ፍጡር ይተካዋል። ዋናው ነገር እንቅልፍ እንዳይወስድ ነው። ታዲያ የኔው ጉድ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንኮራፋ! በማግስቱ ከሞጣ ደወለና ሰላምታ ሳያስቀድም «ዶክተሩ አመለጠ ወይስ ተያዘ?» አለኝ። አልነገርኩትም። መጥቶ አየው።

አማቴን ያሸነፍኩ እንዳይመስላችሁ። የሆነው እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው በ1994 ዓ.ም. ሞጣ ላይ ስትዳር የተቀረጸ ካሴት አለ። አማቼ በሕይወት የሚንቀሳቀሱበት ያ ካሴት ብቻ ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ብዙም አልቆዩም። የቤቱ ዴክ ከተበላሸ ዘመን የለውም። እጮኛዬ አንድ ቀን «የሚሠራ ዴክ ያለው እሷ ጋ ነው» አላቸው። ዴኬን በጋቢ ጠቅልዬ ሞጣ ሄድኩ።

ቀድሜ ማንም በስህተት እንዳይቀርጽበት የካሴቱን ጀርባ ትንሿን ፕላስቲክ ሰበርኩ፤ አንዴ እስከ መጨረሻው፣ አንዴ ወደኋላ አጠነጠንኩት፤ ከዚያ ከፈትኩት። ሰውየው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻ ጥለው እስክስታ ገቡ። አማቴ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሲያልፍ «ልጄ፣ እስቲ ወደኋላ አጠንጥኚልኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አጠነጠንኩ። እኔ ስንት ሙት ሲነሳ ያየሁት ሴት፣ እንዲያ ዓይነቱን አላየሁም።

ማታ ስወጣ ደጅ ድረስ ሸኙኝና «ያንቺ ጉድ ግን የማርያም ሥዕል ካለችበት ክፍል እንዳይገባ። ጓዳ ይቀመጥ» አሉ። እሺ አልኩ። ጓዳው ደረቅ ነው፤ ለካሴት ከሳሎኑ ይሻላል።

በእናንተም ቤት የሠርግ ካሴት አይጠፋም። በጎኑ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ አቁሙት፤ ከእርጥበትና ከስፒከር ማግኔት አርቁት፤ ሻጋታ ካያችሁበት ዴክ ውስጥ አትክተቱት፣ ዴኩንም ያበላሻል። ደግሞ ሳይረፍድ ወደ ፍላሽ አስገልብጡ። የመጨረሻው የዴክ ፋብሪካ የጃፓኑ ፉናይ ማምረት ያቆመው በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ነውና አዲስ ዴክ ከእንግዲህ የለም። የኔውም ሰሞኑን ካሴት መትፋት ጀምሯል፤ ቀበቶው ላልቷል መሰለኝ። ከእናንተ መሐል ከአልጋ ሥር አቧራ የለበሰ ዴክ ያለው ካለ፣ ለቆራሌው ከመሸጡ በፊት በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይጻፍልኝ። ሪሞት ባይኖረውም ግድ የለኝም።