ከሻላ ለቁርስ የሚመጡት

የልጅነቴ ክረምት ሲነሣ አቢጃታ ሐይቅ ፊቴ ድቅን ይላል። አጎቴ እዚያ ዓሣ ያሰግሩ ስለነበር ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ እሳቸው ዘንድ ትልከኝ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። ስለ ወፍና ስለ ዓሣ ኑሮ ዋና ዋናውን ነገር የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው፤ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ቢበዛ ያንኑ አብራራልኝ።

ፔሊካኖቹ በማለዳ አይመጡም። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግል፣ አቢጃታንና ጎረቤቱን ሻላ ሐይቅን ከሚለየው ጉብታ በላይ ነጫጭ ወፎች እየዞሩ ከፍ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው ወደኛ ይንሳፈፋሉ።

«ጋሼ፣ ለምን በጠዋት አይመጡም?»

«ከባዶች ናቸዋ! ሽቅብ የሚያወጣቸው ሞቃት አየር ነው፤ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ።»

ውኃው ላይ ሲያርፉ በግማሽ ክብ ይሰለፉና ዓሣውን ወደ ዳር እየነዱ ሁሉም በአንዴ ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ጋሼና ባልንጀሮቻቸው መረብ ሲጎትቱ እንኳ እንዲህ አይናበቡም ነበር።

እነዚህ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት ሻላ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር ድረስ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ደሴቶቹ ላይ ጅብም ቀበሮም አይደርስም፤ ዓሣው ግን ጥቂት ነው። አቢጃታ በአንጻሩ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የበዛበት ነበር። ሻላ መኝታ ቤታቸው፣ አቢጃታ ማዕድ ቤታቸው ነበር ማለት ነው።

ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን ስለ ሻላ ፔሊካኖች አረባብ ያጠኑትንና በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጽሑፍ ያወቅሁት አድጌ ነው። የዚህ ወፍ ነገር ያሳሳል። ፔሊካን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። አምስት ሳምንት ያህል ከታቀፈ በኋላ ላባ የሌለው ጫጩት ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠቁራል። ቀድሞ የተፈለፈለው ምግቡን ስለሚሻማ ታናሹ ብዙ ጊዜ ይሞታል። የተረፈውም እስኪበር ሁለት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ መቀለብ አለበት። አንድ ትልቅ ፔሊካን ለራሱ ብቻ በቀን አንድ ኪሎ ያህል ዓሣ ይፈልጋል። እንግዲህ ሻላ ላይ ስንት ጫጩት እንደሚያድግ የሚወሰነው አቢጃታ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ነበር።

ዓሣውም የራሱ ጉድ አለው። አንድ ቀን ጋሼ ከመረብ የለቀቋት ቆሮሶ አፏን ስትከፍት ደቃቃ ግልገሎች ተበተኑ። ደንግጬ ጮህኩ። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ግልገሎቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። ጋሼ ወዲያው እናቲቱንም ልጆቹንም ወደ ውኃው መለሱ።

«ይቺ የከርሞ ናት» አሉኝ።

ከእናታቸው አፍ የወጡት ግልገሎች የሚያድጉት ውኃው ባልጠለቀበት በዳርቻው ነው። ጋሼ መረባቸውን ወደዚያ አያስጠጉም ነበር። የዘንድሮን ብቻ የሚያይ አስጋሪ ከርሞ ባዶ መረብ እንደሚጎትት ያውቃሉ።

አቢጃታ ውኃ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም። ዋናው ቀለቡ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣው ነው። ከዝዋይና ከገባሮቹ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከራሱ ከአቢጃታ ደግሞ ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ፣ ሐይቁ ከዳርቻው ሸሸ፤ ጨውነቱም በረታ። ውኃ ሲሸሽ ቀድሞ የሚደርቀው ግልገል የሚያድግበት ቦታ ነው። ቆሮሶው አለቀ፤ አስጋሪውም ተበተነ። ፍላሚንጎ በጨዋማ ውኃ የሚበቅል ደቃቅ አልጌ ስለሚመገብ አልከፋውም። ፔሊካን ግን በአልጌ አይኖርም፤ ሻላ ላይ የሚፈለፍሉትም ተመናመኑ።

ማንም ጎጇቸውን ሳያፈርስ፣ ማንም ሳይተኩስባቸው ነው የተመናመኑት። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው፤ የአቢጃታ ውኃ ግን የሚመጣው ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው። ስለዚህ የሻላ ፔሊካን እንዲበዛ የሚሻ ሁሉ ከደሴቱ በፊት የቡልቡላን ውኃ ይጠብቅ።