ያለ ጓደኛ የምትሔድ ፊደል

በድሬዳዋ ከተማ፥ ከደቻቱ አሸዋ ዳር፥ ቀፊራ በሚባለው የገበያ ሠፈር አንድ አዛውንት ይኖራሉ። በምድር ባቡር ብዙ ዘመን በጸሐፊነት ያገለገሉና ጡረታ የወጡ ናቸው። በልጅነታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረው ዳዊት ስለ ደገሙ፥ በሥራም ዘመናቸው ፈረንሳይኛ ስለ ለመዱ፥ የፊደልን ነገር የሚያነሣ ሰው ሲያገኙ ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጫወታሉ።

አንድ ቀን የልጃቸው ልጅ ፊቷ ጠቍሮ ከትምህርት ቤት ገባች። በእንግሊዝኛ ደብተሯ ላይ የምትኖርበትን ሠፈር ስትጽፍ ቀፊራን በኪው ጀምራ ኖሮ፥ መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ በኬ አርሞባታል። ከበታቹም፥ ኪው ያለ ዩ አትጻፍም የሚል ሕግ አክሎበታል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ተመለከቱና፥ «ይህስ ከፊራ ነው። ከፊራ የሚባል ሠፈር ከወዴት አለ?» አሉ።

ይሁን እንጂ በመምህሩ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ሕጉ ለአብዛኛው የእንግሊዝኛ ቃል እውነት ነውና። ነገሩም ከሩቅ የመጣ ነው። በዳዊት መዝሙር በ118ኛው የሚገኙትን የዕብራውያን ፊደላት ስም የሚያውቅ ሁሉ ቆፍን ያውቃታል፤ የእኛም ቃፍ እኅቷ ናት። ይህችን ፊደል ግሪኮች ከፊንቄ ሰዎች ተቀበሉ፤ ኋላ ግን ከንባብ አስወጥተው ለ90 ቍጥር ምልክት ብቻ አስቀሯት። ሮማውያን ግን አልጣሏትም፤ ከዩ ፊት ብቻ እንድትቆም አደረጓት እንጂ። እንግሊዞችም ቀድሞ ንግሥት የሚለውን ቃል በሲ ይጽፉት ነበር፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1066 ዓመት ኖርማኖች አገራቸውን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይን ልማድ የተከተሉ ጸሐፊዎች በኪውና በዩ አደረጉት። የእኛ አባቶች ለእንዲህ ያለው ድምፅ ሁለት ፊደል ማሰለፍ ሳያስፈልጋቸው ከቀ ላይ ቅጥል አውጥተው ቈን ሠሩ። የእንግሊዝ አፍ ግን ቀን ስለማያውቅ፥ ኪውና ዩን ሲያገኝ ኰ ብሎ ያልፋል።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ከነገሯት በኋላ ልጅቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «እንግዲያስ አባባ፥ የእኛ ቀ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የላትም ማለት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ አልሰጧትም። ፈረንሳዮች እንኳ አውራ ዶሮንና አምስትን ሲጽፉ በመጨረሻ ኪውን ብቻዋን እንደሚያቆሙ ከባቡር ጣቢያው ደብተር ያስታውሱ ነበር፤ ነገር ግን የተጠየቁት ስለ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ትልቁን መዝገበ ቃላት ከሣጥን አወጡና ከልጅቱ ጋራ ፍለጋ ገቡ። ጨዋታም ረዳቸው። ከውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ስክራብል የሚባለውን የፊደል ጨዋታ ልኮላቸው ነበር፤ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ዐዋቂ በ1930ዎቹ ዓመታት በጋዜጣ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቈጥሮ የደረሰው ነው። ከ100 ጠፍጣፋ ቅርጾች መካከል ኪው የተጻፈባት አንዲት ብቻ ናት፤ 10 ነጥብ ታስገኛለች። ዩ ግን አራት ናቸው፤ አራቱም በሌላ ሰው እጅ የገቡ እንደ ሆነ ኪውን የያዘ ተጫዋች ይጨነቃል። ስለዚህ የዚህ ጨዋታ ሊቃውንት ኪው ያለ ዩ የምትገኝባቸውን ቃላት እየለቀሙ በቃላቸው ይይዛሉ።

አዛውንቱና ልጅቱም ይለቅሙ ጀመር። መጀመሪያ ቃዲ የሚለው ተገኘ። ቀጥሎ ፋቂር መጣ፤ በዐረብኛ ድኻ ማለት ነው። ከዚያ ኒቃብና ቡርቃ፥ ከዚያም ቃናት፤ ይኸውም የፋርስ ሰዎች ከተራራ ሥር ውሃ ለመሳብ የሚቈፍሩት የምድር ውስጥ ቦይ ነው። ልጅቱ ዝርዝሩን እያየች ሣቀች። ከቦዩ በቀር ሁሉንም በቤታቸው ደጃፍ ሲያልፉ ታያቸዋለችና። እንግሊዝኛ ያለ ዩ የተቀበላቸው ቃላት ከጥቂቶቹ በቀር እንግዶች ናቸው፤ እንግዶቹም ብዙዎቹ በዐረብኛ በኩል የመጡ፥ የቀፊራ ገበያ የሚያውቃቸው ናቸው።

ደግሞም በገበያው ውስጥ ኪው ብቻዋን ስትቆም ማየት ብርቅ አይደለም። ሶማልኛ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ኦሮምኛም በቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ደረጃ በላቲን ፊደል ሲጻፉ፥ ሁለቱም የቀን ድምፅ ለኪው ሰጥተዋል፤ ምንም እንኳ ሶማሌው ከጕሮሮው ጥልቅ ቢያወጣው፥ ኦሮሞው ደግሞ እንደ አማራው አጥብቆ ቢለው። ስንዴን ሁለቱም ቀመዲ ይሉታል፤ ሁለቱም በኪውና በኤ ይጀምሩታል። (ቁቤ የሚለው ስም ራሱ ኪውን ከዩ ጋራ መያዙ ግን መምህሩን ደስ ሳያሰኘው አይቀርም።) ስለዚህ ልጅቱ የሠፈሯን ስም በኪው የጀመረችው ባለማወቅ አልነበረም፤ ዐይኗ በየዕለቱ የሚያየውን ጻፈች እንጂ።

በዚያው ማታ ጨዋታ ዘረጉ። ኪው ለልጅቱ ደረሰቻት፤ ዩ የላትም። ቀፊራን ልትደረድር ቃጣች፤ አዛውንቱም የቦታ ስም በዚህ ጨዋታ እንደማይፈቀድ አስታወሷት። ጥቂት ካሰበች በኋላ ሦስት ፊደላት አኖረች፤ ኪው፥ ኤ፥ ቲ። ቃት። ጫት ማለት ነው።

አዛውንቱ ገጻቸውን ቋጠሩ። በዕድሜያቸው ጫት ቅመው አያውቁም፤ ቤታቸውም እንዲገባ አይፈቅዱም። መዝገበ ቃላቱ ግን ቃሉን መዝግቦታል፤ ፎርስኮል የተባለውም የስዊድን ሰው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1763 ዓመት በየመን ከመሞቱ በፊት ይህን ተክል መርምሮ፥ ካታ የሚል የሊቃውንት ስም ከዐረብኛው አውጥቶለታል።

«ልጄ፥ ፋቂርን ብታኖሪ 17 ነጥብ ታገኚ ነበር» አሏት።

«ኤፍ የለኝም፥ አባባ። ይቍጠሩልኝ።»

ቈጠሩላት፤ 12 ሆነ። በወረቀቱም ላይ ጻፉት።

በማግስቱ ልጅቱ ለደብተሯ አዲስ ሽፋን አለበሰችው። የሠፈሯን ስም በአማርኛ ቀፊራ ብላ ጻፈች፤ ከበታቹም በላቲን ፊደል፥ ኪውን አስቀድማ ደገመችው። መምህሩ አይቶት እንደ ሆነ ለአዛውንቱ እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።