ሰዓታችንን እንቁጠር

በጎንደር ገጠር ሳድግ የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ገበሬ ጎሕ ሲቀድ በሬውን ጠምዶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይፈታል። የምናውቀው ወሰን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሰንበት ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ሞፈርና ቀንበር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ማንም አያዝዘንም።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ገባሁ። አሁን በኢር ያሚም፣ በባሕሩ አጠገብ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ደረጃና አሳንሰር አጸዳለሁ። በሳምንት 5 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ገብቼ ከቀኑ 11 ሰዓት እወጣ ነበር። የደመወዝ ወረቀቴን፣ ትሉሹን፣ ግን አንብቤው አላውቅም። አንድ ማታ ልጄ ተመለከተችውና «እማዬ፣ በየወሩ 182 ሰዓት ብቻ ነው የሚለው» አለችኝ። ይህ የሙሉ ሠራተኛ ወርኃዊ ልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት በደብተር ያዝኩ። በ21 የሥራ ቀን፣ የ45 ደቂቃው ዕረፍት ተቀንሶ፣ 215 ሰዓት ሆነ። የ33 ሰዓት ድካሜ በነጻ ሄዷል ማለት ነው።

በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ለዚህ ወሰን አለው። ከ2018 ወዲህ የሳምንቱ ሥራ 42 ሰዓት ነው፤ 5 ቀን ለሚሠራ ሰውም ቀኑ ከ8 ሰዓት ከ36 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ ላለፈው፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ከመቶ 25፣ ከእነርሱ በላይ ላለው ከመቶ 50 ተጨምሮ ይከፈላል። የሳምንቱ ዕረፍት ደግሞ ቢያንስ 36 ተከታታይ ሰዓት ነው።

ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ሳልተኛ ያደርኩበት ሌሊት ብዙ ነው። ሁለት ወር ከጻፍኩ በኋላ ግን ልጄን አስከትዬ፣ ደብተሬን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ተቆጣ፤ በመጨረሻ የጻፍኩትን ከፈለኝ። ስላልጻፍኳቸው ዓመታት ግን ዝም አልኩ። የሰዓት መዝገብ መያዝ የቀጣሪው ግዴታ መሆኑን፣ የደመወዝ ክስም እስከ 7 ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀርብ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ ትሉሻችሁን ለልጆቻችሁ አስነብቡ፤ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሰንበትን ለዘመናት የጠበቅን ሰዎች፣ የሥራ ሰዓታችንን መጠበቅ አያቅተንም እላለሁ።