ግራንድ ፒያኖ ልንገዛ ወጥተን

«ፒያኖው የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከምግብ አዳራሽ እስከ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ድረስ ሲከታተለን ሰንብቷል። ጠያቂዎቻችን መብት አላቸው፤ ገንዘቡ የእነርሱ ነውና። ከወር ቀለቡ ላይ ቀንሶ የሰጠ አለ፤ ለጫማ ያስቀመጠውን የሰጠ አለ፤ ሃያ ብር ሰጥቶ በየቀኑ የሚጠይቀንም አለ። በጠቅላላው 240,000 ብር ተሰብስቦ በእኛ በአራቱ የግዥ ኮሚቴ አባሎች እጅ ገብቶ ነበር። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ፥ የሚያሳፍረንንም ጭምር፥ እዚህ እንጽፋለን።

ገና ከመነሻው «ክራርና በገና ሳለን የፈረንጅ ሣጥን ምን ያደርግልናል?» ያሉን ነበሩ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያዳመጠ ሰው ይህን ከማለቱ በፊት ጥቂት ያመነታል። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋራ ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ኋላም ካይሮ ላይ ኮንቶሮቪች ከሚባል መምህር ዘንድ ሙዚቃ ተማሩ፤ ከዚያም መነኰሱ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ታተመ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ የ99 ዓመት ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ጣት ሥር ያ ሣጥን የሚናገረው የማንን ቋንቋ እንደ ሆነ የሰማ ያውቃል። ከእርሳቸው በኋላም ግርማ ይፍራሸዋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፍያ ተምረው የአገራችንን ዜማ በፒያኖ ሲያሰሙ ኖረዋል። ደግሞም ምንም ሳይማር አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ በተርታ የነካ ሰው ሳያስበው ትዝታ ውስጥ ይገባል። የማያምን ይሞክር።

እንግዲህ ፒያኖ ይገዛ ከተባለ በኋላ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው አላከራከረንም። ግራንድ ነው እንጂ! በማስታወቂያ ሰሌዳውም ላይ «ግራንድ ፒያኖ ለአዳራሻችን» ብለን በትልቁ ጻፍን። ለምን ሲሉን አዋቂ መስለን የምንመልሰው ነበረን። በግራንድ ውስጥ አውታሮቹ ተጋድመው ስለ ተዘረጉ መዶሻዎቹ ከሥር መትተው በገዛ ክብደታቸው ይመለሳሉ፤ ግድግዳ ተጠግቶ በሚቆመው ፒያኖ ግን የሚመለሱት በሌላ ነገር ረዳትነት ነው። ኤራር የሚባለው የፒያኖ ሠሪ በ1821 እ.ኤ.አ. ባወጣው ብልሃት ደግሞ ቁልፉ ጨርሶ ሳይነሣ ዳግመኛ መምታት ይቻላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ያን ያህል ፈጥኖ የሚጫወት አንድ ሰው የለም። እውነተኛው ምክንያታችን ክዳኑ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በመድረኩ ላይ ሲቆም፥ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ሲመጣ፥ እኛም አጠገቡ ስንታይ፤ ሌሊት ሌሊት የምናየው ይህንን ነበር።

በ240,000 ብር አዲስ ግራንድ አይታሰብም፤ በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስሙ ሲጠራም ያስፈራል። አሮጌውም ቢሆን በመሐል ከተማ ከአቅማችን በላይ ሆነ። አንድ ደላላ ግን መከረን፤ «ዳር ዳሩን ፈልጉ። ቪላ ሠርተው የወጡ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸውን ጨርሰው የሄዱ ፈረንጆች ዕቃ የተዉባቸው ቤቶች አሉ።» ስለዚህ በሦስት ቅዳሜዎች ቡራዩ፥ ሱሉልታና ሰበታ ሄድን። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ለደላላ ግን ዛሬም ዳር ናቸው።

ከእኛ ጋራ አንድ ወዳጃችን ነበረ። ዓይነ ስውር ነው፤ የተማረው ሰበታ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲሆን ፒያኖ ከሁላችንም አብልጦ ይጫወታል። ይህን እያወቅን የኮሚቴው አባል አላደረግነውም። የጋበዝነው ሰበታን ስለሚያውቅና እንዳይቀየመን ስንል ነው። ይህን ስንጽፍ እጃችን ጥቂት ይከብደዋል።

የቡራዩውን ባጭሩ እናልፈዋለን። በአስኮ በኩል በሚኒባስ ወጥተን ደላላው ከአንድ ሳሎን አስገባን። ቅርጹ ግራንድ፥ ክዳኑ ግራንድ፥ እግሩ ሦስት፤ ከኋላው ግን ገመድ ወጥቶ ከግድግዳው ተሰክቷል። ለካ የኤሌክትሪክ ኖሯል! ያን ዕለት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበርና «እስኪመጣ ሻይ ጠጡ» ተባልን። ሻዩን ጠጣን፤ ለደላላው የመንገድ ብለን 300 ብር ሰጠንና ተመለስን። (ይህ 300 ብር ከገዛ ኪሳችን የወጣ ነው፤ በሒሳብ መዝገቡ አይፈለግ።)

በሁለተኛው ቅዳሜ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ተራራ ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። የሱሉልታ ሜዳ ብርዱ ጠዋት ጆሮ ይቈርጣል፤ ከመንገዱ ዳር ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ይጓዛል፤ ሯጮችም በቡድን በቡድን ሆነው ሲሮጡ ይታያል። የተነገረን ቤት ደረስን። ባለቤቱ በውጭ አገር የሚኖር ሲሆን ቤቱን የሚጠብቁለት አንድ ሽማግሌ ዘመዱ ናቸው። በሩን ሲከፍቱልን እዚያው ቆመን ቀረን። ጥቁር ነው። እንደ ውኃ ያበራል። ክዳኑን ስናነሣ ከሥሩ በወርቅማ ቀለም የተቀባው የብረት ሰሌዳ ብቅ አለ።

«ኦቦ፥ ስንት ይላሉ?» አልናቸው።

«ልጁ ሦስት መቶ ሺህ ብሎ ነበር። ተማሪዎች ከሆናችሁ ግን ልደውልለት» አሉን። ደወሉ። 235,000 ሆነ። ለማስጫኛ ምን እንደሚተርፈን እንኳ ያሰበ አልነበረም። አንዳችን ቀብዱን ከኪሱ ያወጣል፥ አንዳችን በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፥ ሌላው በክዳኑ ላይ የራሱን መልክ ያያል። ወዳጃችንን ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጥተነው ነበር። «እንዴት እንደሚያበራ ብታየው!» አልነው። እንዲህ ማለታችንን ያወቅነው ካልነው በኋላ ነው።

«አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ» አለና ተነሣ። ቁልፎቹን ዳሰሰና በጥቁሮቹ ላይ ትዝታን ጀመረ። ወዲያው አቆመ። ከዚያ አንዱን ቁልፍ ብቻ ተጭኖ ድምፁ እስኪሞት ድረስ ጠበቀ። «ይህ ሦስት አውታር ያለው ቁልፍ ነው። ሦስቱም ለየራሳቸው ይናገራሉ» አለን።

«ቅኝቱ ወርዶ ነው፤ ይቃኛል» አልነው።

«መቃኘቱንስ ይቃኛል። ይይዛል ወይ ነው ነገሩ። እስቲ እጄን ችንካሮቹ ዘንድ አድርሱልኝ።»

አደረስንለት። አውታሮቹ የተጠመጠሙባቸውን የብረት ችንካሮች በጣቱ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ከመካከል ሲደርስ ዘገየ፤ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ነካ። «ከዚህ እስከዚህ ያሉት ከሌሎቹ ዝቅ ብለዋል። ተመትተው ገብተዋል።»

ነገሩ ወዲያው አልገባንምና አስረዳን። በፒያኖ ውስጥ ወደ 230 የሚሆኑ አውታሮች አሉ፤ የሁሉም ውጥረት ቢደመር ወደ 20 ቶን ይጠጋል። የብረቱ ሰሌዳ ይህን ኃይል ይሸከማል፤ እያንዳንዱን አውታር በቅኝቱ ላይ የሚያቆመው ግን ችንካሩን ጠብቆ የያዘው እንጨት ነው። በክረምት እርጥበት ያበጠ እንጨት በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል፤ ይህ ለብዙ ዓመት ሲደጋገም ቀዳዳው ይላላል፤ ችንካሩም መያዝ ያቅተዋል። ይኸን ጊዜ እንጨቱን እንደ መለወጥ ፈንታ ችንካሮቹን በመዶሻ ወደ ውስጥ የሚመታ አለ። ለጥቂት ወራት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚመታ ነገር አይኖርም። እንጨቱን ለመለወጥ አውታሮቹን ሁሉ ፈትቶ ብረቱን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህም ለእኛ ሌላ ፒያኖ የመግዛት ያህል ነው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከእኛ ይበልጥ ደነገጡ፤ እርሳቸው የሚያውቁት በየሳምንቱ አቧራውን መጥረግ ብቻ ነበርና።

በዚህ ላይ ነገሩ አብቅቶ ነበር ብንል ደስ ባለን። አላበቃም። ወደ ግቢው ወጣ ብለን መከርን። «ቢሆንም ግራንድ ነው» ያለ ነበረ። «ለምረቃው በዓል ከያዘ ምን ቸገረን?» ያለም ነበረ። ድምፅ ሰጠን፤ ሁለት ለሁለት ሆንን። በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ፒያኖ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን የኮሚቴ አባል ስላልሆነ ድምፅ አልነበረውም። ገንዘባችሁ የዳነው እኩል ለእኩል በመሆናችን እንጂ በብልኅነታችን አይደለም። ቀብዱን ወደ ኪስ መለስን።

በመመለሻው መንገድ ማንም አልተናገረም። እንጦጦ ላይ ስንደርስ ወዳጃችን «ክዳኑ በጣም ያምራል?» ብሎ ጠየቀን።

«በጣም» አልነው።

«ገምቼ ነበር። ስትገቡ ድምፃችሁ ተለወጠ» አለ።

በማግሥቱ ስብሰባ ጠርተን አምስተኛ አባል አደረግነው። የተቀበለን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከውሳኔው ላይ «ግራንድ» የሚለው ቃል ይሠረዝ አለ። ያጠረ ግራንድ የወፍራሞቹ አውታሮች ርዝመት ስለሚያንሰው፥ ቁመቱ ረዘም ያለ ቋሚ ፒያኖ በታችኛው ድምፅ ሊበልጠው እንደሚችል ነገረን። ቃሉ በአራት ድምፅ ተሠረዘ። አንዱ ድምፅ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው።

ሰበታ የሄድነው በእርሱ መሪነት ነው። ከዓለም ገና አልፈን ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ ከሚገኝ አንድ ቤት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ተቀበሉን። ፒያኖው ቡናማ ነው፤ አያበራም፤ ቡና የተቀመጠበት ክብ ምልክት አለው። ከፀሐይ ርቆ በውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ ቆሟል፤ ከሥሩም ውኃ ያለበት የሸክላ ሳሕን ተቀምጧል። «በበጋ እንዳይደርቅ ነው፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ያደርግ ነበር» አሉን። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ እኛም እንደ ገባን ሰው ፈገግ አልን።

የፊቱን ሳንቃ አወረድን። ችንካሮቹ ሁሉ በቁመት እኩል ናቸው። አውታሮቹ ዝገት ያላቸው ከላይኞቹ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ብል ገብቶ በአራት መዶሻዎች ላይ ያለውን የተዳመጠ የበግ ጠጕር በልቶታል፤ ሦስት ቁልፎችም ሲነኩ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቅኝቱ በሙሉ ወርዷል፥ ግን የወረደው እኩል ነው። «እኩል መውረድ ጥሩ ምልክት ነው» አለን።

«እትዬ፥ ዋጋውስ?»

«130,000 ነው። እስከ ማክሰኞ ከወሰዳችሁት ግን 115,000 ይሁንላችሁ፤ ክፍሉን አከራይቼዋለሁ።»

ከዚህ የበለጠ ክርክር አልተደረገም። ሰኞ ዕለት አይሱዙ ተከራይተን ከስድስት ጫኝና አውራጆች ጋራ ሄድን። ፒያኖው ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናልና በሩ ላይ ሲደርስ ስድስቱም በአንድነት የሰደቡን ስድብ በዚህ መጽሔት አይጻፍም። ማስጫኛው 14,000 ብር ወሰደ፤ ለመዶሻዎቹና ለቁልፎቹ መጠገኛ 12,000 ወጣ። 99,000 ብር ይቀራል። ይህም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፥ አንዱ ክረምቱ ሲወጣ አንዱ በበጋው አጋማሽ፥ ለሚቀኘው ሰው ተቀምጧል። ከዚህ ላይ ለሌላ ጉዳይ እንድናበድራቸው ከወዲሁ የጠየቁን ክበቦች አሉ፤ መልሳችን አይሆንም ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ክሎድ ሞንታል የሚባል ዓይነ ስውር ፈረንሳዊ በፓሪስ የዓይነ ስውራን ተቋም ለባልንጀሮቹ ፒያኖ መቃኘትን ያስተማረ፥ በ1836 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ቅኝት መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር፤ ከእርሱ ወዲህ በአውሮፓ ይህ ሥራ ለብዙ ዓይነ ስውራን እንጀራ ሆኗል። ይህን አንብበን በታላቅ ደስታ ወደ ወዳጃችን ሄድንና «መቃኛውን እንገዛልሃለን፥ አንተ ተማር» አልነው። «እኔ የምማረው ሕግ ነው» አለን። «ጆሮ እናንተም አላችሁ፤ ከእናንተ አንዱ ይማር።» ስለዚህ ከአራታችን አንዱ ቃኚው በመጣ ቍጥር አጠገቡ ቆሞ ይማራል። እስካሁን አንድ አውታር በጥሷል፤ ዋጋውን ራሱ ከፍሏል።

«እኛ የሰጠነው ለግራንድ ነው» የምትሉ ትክክል ናችሁ፤ ማስታወቂያው እንዲያ ይል ነበር። የእያንዳንዳችሁ ስም በመዝገቡ ላይ ስላለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ በኋላ በር ብትመጡ ገንዘባችሁ ይመለስላችኋል። እስከ ዛሬ የመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ገንዘቡን ቈጥሮ ወሰደና ከመውጣቱ በፊት ጥቁሮቹን ቁልፎች ልሞክር ብሎ ተቀመጠ፤ ጥበቃው መብራት ሊያጠፋ ሲመጣ ነው የተነሣው።