ድፎ ዳቦ በአምስት መቶ ዶላር

ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ወደ አንዱ የሚገባ ሰው የሚገፋው መስታወት ሳይሆን ወረቀት ነው። በሩ ማስታወቂያ ለብሷል፦ ሴት ተከራይ የሚፈልግ ቤት፣ ታክስ የሚሠራ ባለሙያ፣ ከዲሲ ለአንድ ሌሊት የሚመጣ ዘፋኝ፣ የአርባ ቀን መታሰቢያ። ከመካከላቸው አንዱ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ነው። እሱን ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም፤ ሁለት ፎቶ አለው። በግራ ጭቃው የተራገፈ ግድግዳና ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ልጆች፤ በቀኝ ገና ያልተሠራው ሕንፃ በኮምፒውተር ተስሎ፣ ሣር ተነጥፎለት፣ አንዳንዴም ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ተጨምሮለት። ያንን የመኪና ማቆሚያ የጨመረው ልጅ እዚሁ አውሮራ ያደገ መሆን አለበት።

ማስታወቂያው ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ራት ከምሽቱ ስድስት ሰዓት ነው ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አዳራሹ የሚሞላው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ቀድመው የሚደርሱት ድስት የያዙ ሴቶች ናቸው፤ ዶሮውን፣ አልጫውን፣ እንጀራውን ከየቤታቸው ሠርተው ያመጡ። የገቢና የወጪው ሪፖርት ሲነበብ የእነሱ ወጪ የትም አይገባም፤ ደረሰኝ የለውማ። መጨረሻ የሚደርሱት ከአየር ማረፊያ የሚመጡት ሾፌሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴንቨር ውስጥ ሥራ የጀመረውን ዩኒየን ታክሲ የተባለ የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካቋቋሙት ብዙዎቹ ምሥራቅ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ኋላ ኡበርና ሊፍት መጡና ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። ሾፌር በጉባኤ ላይም ያስታውቃል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዓይኑም ከስልኩ አይርቅም፤ ጥሪው ከመጣ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ ይነሣል። ከመውጣቱ በፊት ግን መዝጋቢዋ ጋ ጎራ ብሎ «መቶ ዶላር ጻፊልኝ» ይላል።

ከራቱ በኋላ ንግግር አለ፤ ስለ ንግግሩ የምለው የለኝም። ከዚያ ጨረታው ይመጣል። የሚቀርበው ሥዕል ወይም የአገር ልብስ ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ዓይን የሚከተለው ድፎ ዳቦውን ነው። ኮባ የለም፤ ከእስያውያን ሱቅ ማቀዝቀዣ የተገዛ የሙዝ ቅጠል ለብሶ ተጋግሯል። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች አንዳንዱ የኬክ ዱቄት ካርቶን ለከፍታ ቦታ የተለየ መመሪያ ይዞ ይመጣል፤ ፈረንጆቹም በዚህ ይኮራሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ካለችው አዲስ አበባ ለመጣች ጋጋሪ ግን ወደ ዴንቨር መምጣት መውረድ ነው። ሊጡ መመሪያ አያስፈልገውም።

ከሃምሳ ዶላር ይጀመራል። ጨረታ መሪው የሰውን ሁሉ አውራጃና የተማረበትን ዘመን ያውቃል። «ጋሼ፣ ሦስት መቶ ተብሏል እኮ! እርስዎ እያሉ?» ጋሼ ባለቤታቸውን ያያሉ። ባለቤታቸው ጣሪያውን ያያሉ። «አራት መቶ» ይላሉ ጋሼ። ከኋላ ጠረጴዛ አምስት መቶ ይጮኻል፤ እልልታው ይቀልጣል። አሸናፊው ዳቦውን ተቀብሎ፣ ለፎቶ ከፍ አድርጎ «ለትምህርት ቤቱ መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ጨረታው እንደገና ከሃምሳ ይጀመራል። ዳቦው እየተሸጠ፣ እየተመለሰ፣ ደግሞ እየተሸጠ ያመሻል። በመጨረሻ ይቆረስና ገዢውም ያልገዛውም እኩል ይበላዋል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ማታ የሚመለሱት ወደ ሴንቴኒያል ነው። መጀመሪያ የገቡት አውሮራ አፓርትመንት ነበር፤ ኋላ ልጆች ሲደርሱ ቤት ገዝተው ትንሽ ወደ ደቡብ ወረዱ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለቼሪ ክሪክ ብለን።» ከሴንቴኒያልም ከአውሮራም ከፊሉን የሚይዘው የትምህርት ዲስትሪክት ማለታቸው ነው። ከተማዋ ራሷ ከግብር ጠብ የተወለደች ናት። አጎራባቿ ግሪንውድ ቪሌጅ ገበያ ያለበትን መሬት እየጠቀለለ የሽያጭ ታክሱን እንዳይወስድ የሠጉ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ድምፅ ሰጥተው በ2001 ከተማ አደረጓት። እዚህ አገር ለትምህርት ቤት ከሚከፈለው ብዙ ድርሻ የሚመጣው ከቤት ግብር ነው፤ ከወርሃዊው የቤት ዕዳ ክፍያ ጋር ተጠቃሎ ስለሚሄድ ከፋዩ መክፈሉንም አያስተውል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የቼሪ ክሪክ መራጮች 950 ሚሊዮን ዶላር፣ የዴንቨር መራጮች 975 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤቶች ግንባታና እድሳት ብድር እንዲወሰድ ፈቀዱ። አንድም ዳቦ አልተሸጠም። ጋሼም ዜግነት ካገኙ ወዲህ እንደሚያደርጉት ከሌላው ወረቀት ጋር ይህንንም ሞልተው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተቱ፤ የቱ ላይ አዎ እንዳሉ ስጠይቃቸው «ለትምህርት የተባለው ላይ ሁሉ» አሉኝ።

ኮሎራዶ ግን በዚህ ረገድ የዋዛ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ በገባው ታቦር በሚባለው ድንጋጌ መሠረት ሕዝብ ድምፅ ካልሰጠበት ግብር አይጨመርም። በ2012 ማሪዋና ሲፈቀድ ደግሞ ከጅምላ ሽያጩ ከሚሰበሰበው ቀረጥ በየዓመቱ የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግንባታ እንዲውል ተደነገገ። ይህን ለአንዲት እናት ስነግራቸው አማተቡ፤ ቆየት ብለው ግን «ጣሪያ ከሆነስ ጣሪያ ነው» አሉ። ይህም ሁሉ ሆኖ አይበቃም መሰለኝ፣ ልጆቹ በየዓመቱ የብስኩት ሊጥና ፋንዲሻ የሚያስመርጥ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ለትምህርት ቤታቸው የሙዚቃ መሣሪያ መግዣ። አባት ለጎጃም ትምህርት ቤት ዳቦ ይገዛል፤ ልጅ ለሴንቴኒያል ትምህርት ቤት የብስኩት ሊጥ ይሸጣል። ጉባኤው ላይ ገዢ ፍለጋ ወረቀቷን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የምትዞር ልጅ አይቻለሁ። ከብዙዎቻችን የተሻለ ነጋዴ ነበረች።

የእኛም አገር ይህንን አልሞከረም ማለት አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለ የትምህርት ግብር ነበር፤ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታሰበ። ኋላም በስዊድን መንግሥት እርዳታ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ ነዋሪው የራሱን ድርሻ በገንዘብና በጉልበት ያዋጣ ነበር። ከአገር ቤት ርቆ የሚኖር ሰው ለትውልድ ቀዬው ማዋጣቱም አሜሪካ የጀመረው አይደለም፤ አዲስ አበባ የሚሠሩ ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ተደራጅተው ለአገራቸው መንገድና ትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። የትግራይ ልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 እዚሁ አሜሪካ ተመሠረተ፤ የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ በ1984 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በቀን አንድ ዶላር ብለው ጠየቁ፤ የዲያስፖራ ትረስት ፈንድም ተቋቋመ። ሰጪ አልጠፋም፤ ከተጠበቀው ግን እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ሰው ሁሉ በፖለቲካ ያመካኛል። እኔ ግን ሌላም ይታየኛል፤ በቀን አንድ ዶላር ለማንም ፊት አይሰጥም። ማን አየው? የኋላው ጠረጴዛ እንኳ አያውቅ።

የዳቦው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል ብትሉ፣ ሰጪው ወደሚያስታውሰው ቦታ ነው። ዴንቨር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ በስሟም መናፈሻ አላት። አውሮራ ደግሞ አዳማን ይዛለች። የታወቀ ከተማ እህት ያገኛል፤ ስመ ጥር ትምህርት ቤትም አሥር ሰው አውሮራ፣ ሃምሳ ሰው ዲሲ አለው። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,328። ቁጥሩን ሳይ ያሰብኩት ስለ ሃቫና ጎዳና በር ነው። ከእነዚያ 1,328 ስንቱ እዚያ ይለጠፋል? ለዓመታት ማንንም ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ውጭ አገር የሚጨረትለት ልጅ ከየት ይመጣለታል? ሰውን አልወቅስም፤ እኔም የማዋጣው እናቴ ላስተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ግብር ግን የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል ያያል፤ የትዝታ ገንዘብ እንዲህ አይችልም።

የትዝታ ገንዘብ ደግሞ ግድግዳ ይወዳል። ግድግዳ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ የለጋሾች ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ይለጠፍበታል። የስሞቹ ቅደም ተከተል ያስነሣውን ኩርፊያ አላወራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ቴሌግራም ላይ ያለው የእኛ የገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴ ቡድን «ሁለተኛ ፎቅ እንጨምር!» በሚል ተጥለቀለቀ። ሲሚንቶውና ብረቱም መወደዱን ያስታወሰው አንድ የግንባታ መሐንዲስ ብቻ ነበር፤ ማንም አልመለሰለትም። መምህር ይጨመር ያለ ግን አልነበረም።

ከግድግዳ ሌላ ነገር ያሰበ ሰው አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት መጥተው ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ፤ እዚያም በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲፈልጉ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፈ ማግኘት ቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከደራሲዋ ከጄን ኩርትዝ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ድርጅቱ ኋላ ላይ ጽሕፈት ቤቱን እዚህ ዴንቨር አድርጎም ነበር። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የልጆች ተረት ሽያጭ ለመነሻ አገዘ፣ በ2003 ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፣ ከዚያም ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ መዞር ጀመረ። ሲኤንኤን በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች ቆጥሯቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን አህያዋ ናት። ጋሪ እብነ በረድ አይለጠፍበትም፤ ነጂ፣ ገለባና በየቀኑ መጽሐፉን የሚያወጣና የሚመልስ ሰው ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በየወሩ የሚከፈል ነው።

በእኛ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይህንኑ አንዲት ነርስ አነሣች። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ባለፈው ዓመት በእኛ ገንዘብ ተሠርቷል፤ መጻሕፍትም ከእዚህ ተልከዋል፤ የሚከፍተው ሰው ስለሌለ ግን ተቆልፏል። «የአንዲት ጠባቂ ደሞዝ ለሦስት ዓመት እንክፈል» አለች። በሌላ በኩል የቀረበው የግቢው አጥርና የብረት በር ነበር። ክርክሩ ረጅም ነው፤ «ደሞዝ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉ፣ «ዛሬ ብንከፍል ነገ ማን ይከፍላል» አሉ፣ አንዱማ በግልጽ «ለቀጣዩ ራት ምን ፎቶ ይዘን እንቀርባለን?» አለ። እውነቱን ነው፤ መልስ አልነበረንም። እጅ ወጣ፤ አጥሩ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

የተሸነፍነው ግን ተበትነን አልቀረንም። ነርሷ የዋትሳፕ ቡድን ከፍታ በወር ሃያ ሃያ ዶላር በዜል እንሰበስባለን። የዚያች የብስኩት ሊጥ ትሸጥ የነበረች ልጅ እናትም ገብተዋል። ባለፈው ሒሳብ ገንዘቡ የጠባቂዋን ደሞዝ እስከ ሰኔ ይችላል፤ ከሐምሌ ወዲያ ላለው ሁለት ሰው እንፈልጋለን።