ዕቃችንን የጠበቀልን ሰው

የምናስተምራቸው ልጆች በዕረፍት ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው በስልክ ሲጫወቱ ባየን ጊዜ ለመቈጣት አፋችንን እንከፍታለን፤ ነገር ግን የራሳችን ወጣትነት ትዝ ይለንና ቃሉ በጕሮሯችን ይቀራል።

በ1998 ዓ.ም. በባሕር ዳር፣ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመምህርነት ስንሠለጥን፣ ሩንስኬፕ የተባለ ጨዋታ ፍቅር አድሮብን ነበር። ጋወር የተባሉ ወንድማማቾች በእንግሊዝ አገር ሠርተው በ1993 ዓ.ም. ያወጡት ሲሆን፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ምናባዊ አገር ገብተው ዛፍ ይቈርጡበታል፣ ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ከጭራቅ ጋር ይዋጉበታል። ጨዋታውን ራሱን በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀድሞ መጫን ስላላስፈለገ የኢንተርኔት ቤቱ አሮጌ መሣሪያ ይበቃው ነበር፤ ሒሳቡ ግን በደቂቃ ስለሚቈጠር ኪሳችን ቶሎ ይራቈት ነበር። በጨዋታው ውስጥ «ጸሎት» የሚባል ሙያም አለ፤ የሚያድገውም የሞተ አውሬ ዐፅም በመቅበር ነው! ዲያቆን ሆነን ሳለ፣ ማኅሌት መቆም ሲገባን የአውሬ ዐፅም ስንቀብር ማምሸታችንን ዛሬ ስናስበው ሳቅም እፍረትም ይይዘናል።

ገንዘቡ የእናታችን ነበር። በጢስ ዓባይ ቅቤ ሸጣ ለመጽሐፍ መግዣ ብላ የምትሰጠን ነው። ለበዓል ወደ ቤት ስንሄድ፣ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ስለ ተመራ ፏፏቴው ሳስቶ ገደሉ መራቈቱን እያሳየች «ጢሱ እኮ ቀረ ልጄ» ትለን ነበር፤ እኛ ግን ሐሳባችን ለምብሪጅ በሚባለው የጨዋታ ከተማ ወንዝ ዳር ነበር። ያ የዓባይ ውኃ መብራት ሆኖ ጨዋታችንን ያንቀሳቅስ እንደ ነበርም አላስተዋልንም።

አንድ ቀን በብርቱ ውጊያ ላይ ሳለን መብራት ጠፋ። በዚያ ጨዋታ በውጊያ መካከል መስመሩ የተቋረጠበት ሰው ወዲያው አይወጣም፤ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ይመታል። በዚያን ጊዜ ከሞተም ሦስት ዕቃ ብቻ ይቀርለት ነበር፤ ሌላው በመሬት ላይ ወድቆ ጥቂት ከቈየ በኋላ ላገኘው ይሆን ነበር። ብዙ ወር የደከምንበት ጥሩርና ጋሻ ጠፋ ብለን ዐዘንን። በሳምንቱ ስንመለስ ግን፣ አልፎ አልፎ አብሮን ዓሣ የሚያጠምድ፣ አገሩን የማናውቀው ሰው «ዕቃህን አንሥቼ ጠብቄልሃለሁ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈልን፤ አንድም ሳያጐድል አስረከበን።

ይህን በደስታ ለንስሓ አባታችን ነገርናቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እርሱስ ያንተን መለሰልህ፤ አንተ የእናትህን መለስህላት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

የመጀመሪያ ደመወዛችንን በተቀበልን ጊዜ ሁሉን ነግረናት ገንዘቡን በእጇ አኖርን። አልተቈጣችም። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ያ ሰው ክርስቲያን ነበር?» አለችን። አናውቅም አልናት። «ለማንኛውም በጸሎቴ አስበዋለሁ፤ ስሙን ንገረኝ» አለች። የጨዋታ ስሙን ብንነግራት ለመጥራት አቃታት።

በ2005 ዓ.ም. የጨዋታው ባለቤቶች በተጫዋቾች ድምፅ የ1999 ዓ.ም.ን አሮጌ መልክ እንደ ገና ከፈቱት። እኛም አንድ ሌሊት ገባን። ዛፉም ወንዙም ያው ነው፤ ያን ስም ግን አላገኘነውም።

እናታችን ዛሬም ማታ ማታ የቤተሰቡን ስም ከጠራች በኋላ «የልጄን ዕቃ የጠበቀውንም» ትላለች።